የምድብ ሽግግር ሠንጠረዥ በቢአይ ሶፍትዌር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከየትኛው ምድብ ስንቱ ወደ የትኛው እንደሄደ በቢአይ (ዳታን ወደ ሪፖርትና ቻርት በሚቀይር) ሶፍትዌር ለማሳየት የሚሞክር ሁሉ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

የምድብ ሽግግር ሠንጠረዥ ማለት ምንድን ነው?

ሁለት ቀን ትመርጣላችሁ፤ መነሻና መድረሻ። ረድፎቹ ደንበኛው በመነሻው ቀን የነበረባቸው ምድቦች ናቸው፣ ዓምዶቹ ደግሞ በመድረሻው ቀን የተገኘባቸው። ደንበኛ አልኩ እንጂ ብድርም፣ ሠራተኛም፣ ዕቃም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ የሚገናኙበት ሴል ከዚህ ተነስቶ እዚያ የደረሰው ስንት እንደሆነ ይነግራችኋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እንዲህ ይመስላል። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተፈጠሩ ናቸው፣ ግን እስከ መጨረሻው እየተመለስን ስለምንጠቀምባቸው አንዴ አስተውሏቸው፦

| መነሻ \ መድረሻ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | የለቀቀ | ድምር |
|---|---|---|---|---|---|
| ከፍተኛ | 150 | 30 | 12 | 8 | 200 |
| መካከለኛ | 45 | 195 | 42 | 18 | 300 |
| ዝቅተኛ | 5 | 60 | 375 | 60 | 500 |
| አዲስ | 10 | 25 | 65 | – | 100 |
| ድምር | 210 | 310 | 494 | 86 | 1,100 |

ከላይ ከግራ ወደ ታች ቀኝ በሰያፍ የሚወርዱት 150፣ 195 እና 375 ከቦታቸው ያልተነቃነቁ ናቸው። ከሰያፉ በስተቀኝ ያሉት ወርደዋል ወይም ለቀዋል፣ በስተግራ ያሉት ከፍ ብለዋል። የ«አዲስ» ረድፍ ለብቻው ይነበባል።

ሁለት ባር ቻርት ጎን ለጎን ባስቀምጥ አይበቃም?

አይበቃም። ባር ቻርቱ ከፍተኛው ምድብ ከ200 ወደ 210 አደገ ይላችኋል። ስብሰባ ላይ «በ10 ጨምረናል» ተብሎ ይታለፋል። ሠንጠረዡን ስታዩት ግን ከ200ዎቹ 50ዎቹ ምድቡ ውስጥ የሉም፤ 30ው አንድ ደረጃ፣ 12ቱ ሁለት ደረጃ ወርደዋል፣ 8ቱ ጭራሽ ሄደዋል። በነሱ ቦታ 60 ሌሎች ገብተዋል። ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ከፍታው አልተለወጠም ማለት ቧንቧው ተዘግቷል ማለት አይደለም።

የት የት ነው የሚሠራበት?

በጣም የለመዱት ባንኮች ናቸው። የስንት ብድር ክፍያ ከ30 ቀን መዘግየት ወደ 60፣ ከ60 ወደ 90 እንደተንከባለለ በዚሁ ሠንጠረዥ ነው የሚከታተሉት። ከጃንዋሪ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው አይኤፍአርኤስ 9 (ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት መስፈርት) የብድር ኪሳራ ግምትን በሦስት ደረጃ ስላስቀመጠው፣ ከደረጃ ደረጃ የሚደረገውን ጉዞ ማሳየት የዘወትር ሥራ ሆኗል። እንደ ሙዲስና ኤስ ኤንድ ፒ ያሉ የብድር ደረጃ አውጪዎችም በየዓመቱ የራሳቸውን የሽግግር ሠንጠረዥ ያወጣሉ።

ከባንክ ውጭም ሞልቷል። የሠራተኛ የሥራ አፈጻጸም ደረጃ፣ የዕቃ ኤ ቢ ሲ ምደባ (ዕቃን እንደ አስፈላጊነቱ በሦስት መክፈል)፣ የደንበኛ የታማኝነት ደረጃ፤ በጊዜ የሚቀያየር ምድብ ያለው ነገር ሁሉ።

ዳታዬ ምን መምሰል አለበት?

ሦስት ዓምድ ይበቃል። የደንበኛው መለያ ቁጥር፣ ወቅቱ (ወር ወይም ሩብ ዓመት) እና በዚያ ወቅት የነበረበት ምድብ። አንድ ደንበኛ በአንድ ወቅት አንድ ረድፍ ብቻ ይኖረዋል። ይህን ሕግ አስምሩበት፤ ከታች የምናያቸው ችግሮች ግማሾቹ የሚመጡት ይህ ሕግ ሲፈርስ ነው።

ብዙ ሰው ዳታውን ሳያይ ቀጥታ ቪዥዋሉን ይከፍትና ይታገላል። ጋሪው ከፈረሱ ቀደመ ማለት ይኼ ነው። ሠንጠረዡ የሚሠራው ዳታው ላይ ነው፣ ቻርቱ ላይ አይደለም። የማንኛውም ደንበኛ የመነሻና የመድረሻ ምድብ በአንድ መስመር ጎን ለጎን መጻፍ ከቻላችሁ ሥራው አልቋል፤ ካልቻላችሁ ግን የትኛውም ሶፍትዌር አያድናችሁም።

የደንበኞች ሠንጠረዤ የአሁኑን ምድብ ብቻ ነው የያዘው። ምን ላድርግ?

ይኼ በጣም የተለመደ ነው። ሲስተሙ ምድቡ ሲቀየር አሮጌው ላይ አዲሱን ይጽፍበታል፣ ታሪክ የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ምድቡ ከምን እንደሚወጣ ጠይቁ። ከግዢ መጠን ወይም ከክፍያ መዘግየት የሚሰላ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ የግብይት ዳታው እስካለ ድረስ የየወሩን ምድብ ወደኋላ ተመልሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

ሰው በእጁ የሚሰጠው ምድብ ከሆነ ግን ስሌት አይመልሰውም። ያኔ የሲስተሙን የለውጥ መዝገብ ወይም የድሮ ባክአፕ መፈለግ ነው። እሱም ከሌለ ያለፈው አልፏል፤ ከዛሬ ጀምራችሁ በየወሩ መጨረሻ የሠንጠረዡን ስናፕሾት (የዚያን ቀን ቅጂ) ቀን እየለጠፋችሁ አስቀምጡ። ዳታ ዌርሃውስ ያላቸው ሰዎች በዓይነት ሁለት ዳይሜንሽን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምድብ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ብለው ይይዙታል። እሱ ቦታ ይቆጥባል፣ ስናፕሾት ግን ለዚህ ሥራ ይቀላል።

ኤክሴል ይበቃኛል?

ሁለት ቀን ብቻ ከሆነና ረድፉ እጅግ ብዙ ካልሆነ አዎ። አንድ ሉህ ላይ የሁለቱንም ወቅት መለያ ቁጥሮች አንድ ላይ ሰብስባችሁ ድግግሞሹን አጥፉ። ከዚያ በኤክስሉክአፕ (በአሮጌው ኤክሴል በቪሉክአፕ) አንድ ዓምድ ላይ የመነሻውን ምድብ፣ ቀጥሎ ባለው ላይ የመድረሻውን አምጡ። መነሻው ላይ ካልተገኘ «አዲስ»፣ መድረሻው ላይ ካልተገኘ «የለቀቀ» ይባላል። ፒቮት ቴብል አስገቡ፤ መነሻው ረድፍ ላይ፣ መድረሻው ዓምድ ላይ፣ መለያ ቁጥሩ በቆጠራ መልክ መሃል ላይ።

ሰዎች የሚሳሳቱት የመጀመሪያዋ እርምጃ ላይ ነው። የመነሻውን ዝርዝር ብቻ ይዘው ሉክአፕ ያደርጋሉ፣ በኋላ የመጡት ደንበኞች ሳይቆጠሩ ይቀራሉ። ማንም ልብ አይልም፣ ምክንያቱም ኤክሴል ስህተት ብሎ አይጮህም።

ፓወር ቢአይ ላይ ቀላሉ መንገድ የቱ ነው?

ቀኖቹ የማይቀያየሩ ከሆነ ሜዠር (ሪፖርቱ ሲታይ የሚሰላ ቀመር) ውስጥ አትግቡ። ፓወር ኩዌሪ (የፓወር ቢአይ የዳታ ማዘጋጃ) ላይ ዳታውን ሁለት ጊዜ ጥሩት፤ አንዱን በመነሻው ወር፣ ሌላውን በመድረሻው ወር ፊልተር አድርጉት። ሁለቱን በመለያ ቁጥር መርጅ አድርጉ፤ የመርጁ ዓይነት ፉል አውተር (በአንዱ ብቻ ያለውንም የማይጥለው) ይሁን። መለያ ቁጥሩ አሁን ሁለት ቦታ ስለሚመጣ፣ አንደኛው ባዶ ሲሆን ከሌላኛው የሚወስድ አንድ ዓምድ ሥሩ። ባዶ የቀሩትን ምድቦች «አዲስ» እና «የለቀቀ» ብላችሁ ሙሏቸውና ወደ ማትሪክስ ቪዥዋል ውሰዱት።

ውጤቱ በየሪፍሬሹ አንዴ የሚሰላ ስለሆነ ሪፖርቱ ፈጣን ነው፣ ቁጥሩ ሲጠየቅም ከየት እንደመጣ በደንበኛ ደረጃ ማሳየት ትችላላችሁ። ለአብዛኛው ሰው ይኼ በቂ ነው ባይ ነኝ።

ተጠቃሚው ሁለቱን ቀኖች ራሱ እንዲመርጥ ብፈልግስ?

እዚህ ጋ ዳክስ (የፓወር ቢአይ የቀመር ቋንቋ) ይመጣል። የሚያስፈልጓችሁ አራት ትንንሽ ሠንጠረዦች ናቸው፤ ሁለቱ የምድብ ዝርዝር ቅጂ (የመነሻና የመድረሻ)፣ ሁለቱ የወር ዝርዝር ቅጂ። አንዳቸውንም ከዋናው ዳታ ጋር በሪሌሽንሺፕ አታገናኙ። የወሮቹን ቅጂዎች ስላይሰር (መምረጫ ሳጥን) ላይ፣ የመነሻ ምድቡን ማትሪክሱ ረድፍ ላይ፣ የመድረሻውን ዓምድ ላይ ታደርጋላችሁ።

ሜዠሩ ራሱ ሐሳቡ ቀላል ነው። በካልኩሌትቴብል አንድ የደንበኞች ዝርዝር አውጡ፤ በተመረጠው መነሻ ወር፣ ረድፉ ላይ ባለው ምድብ የነበሩ። ከረድፉ ምድብ ወደ ዋናው ዳታ ፊልተሩን የሚያሻግርላችሁ ትሪትአዝ ነው። ሁለተኛ ዝርዝር አውጡ፤ በመድረሻው ወር፣ ዓምዱ ላይ ባለው ምድብ ያሉ። ሁለቱም ዝርዝር ላይ ያሉትን ብቻ በኢንተርሴክት አጣሩና የቀረውን በካውንትሮውስ ቁጠሩ። ለ«አዲስ» ረድፍ ደግሞ በመድረሻው ካሉት ላይ በመነሻው የነበሩትን ሁሉ በኤክሴፕት ትቀንሳላችሁ፤ ለ«የለቀቀ» የዚህ ተቃራኒ። ሁለቱ ስሞች ዋናው ዳታ ውስጥ ስለሌሉ በምድብ ቅጂዎቹ ላይ በእጅ መጨመር አለባቸው፣ «አዲስ» መነሻው ላይ፣ «የለቀቀ» መድረሻው ላይ።

አንድ ትንሽ ነገር፤ ካውንትሮውስ ባዶ ዝርዝር ሲያገኝ 0 ሳይሆን ባዶ ነው የሚመልሰው። ዜሮው እንዲታይ ከፈለጋችሁ መጨረሻ ላይ 0 ደምሩበት።

ሰያፉ ላይ ብቻ ነው ቁጥር የሚታየኝ፣ ሌላው ሴል ሁሉ ባዶ ነው። ምን ሆኖ ነው?

ረድፉም ዓምዱም አንድ የምድብ ዓምድ ላይ ፊልተር እያደረጉ ነው። ሶፍትዌሩን «ምድቡ ከፍተኛም መካከለኛም የሆነ ረድፍ አምጣ» ብላችሁ እየጠየቃችሁት ነው፤ እንዲህ ያለ ረድፍ ደግሞ የለም። ሁለቱም አንድ ዓይነት የሆኑበት ሰያፍ ብቻ ይተርፋል።

ፓወር ቢአይ ላይ አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ሁለቱ የምድብ ቅጂዎች ከዋናው ዳታ ጋር መገናኘታቸው ነው። ፓወር ቢአይ ራሱ አግኝቶ ያገናኛቸውም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የሞዴሉን ገጽ ከፍታችሁ መስመሩን ሰርዙት። ሰያፉ ላይ ያለው ቁጥርም ለምልክት ካልሆነ አትመኑት፤ ሜዠሩ ተራ ቆጠራ ከሆነ የቆዩትን ሳይሆን ምድቡ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነው የሚቆጥረው።

ታብሎ ላይስ?

ሌላው የቢአይ ሶፍትዌር ታብሎ ላይ ሁለት ፓራሜትር (ተጠቃሚው የሚመርጠው ዋጋ) ሥሩ፣ የመነሻ ወርና የመድረሻ ወር። ከዚያ ሁለት ካልኩሌትድ ፊልድ። እያንዳንዱ በፊክስድ ለአንድ የደንበኛ መለያ የሚሰላ ነው፤ ወሩ ከፓራሜትሩ ጋር እኩል ከሆነ ምድቡን ውሰድ፣ ከዚያ ማክስ። አንዱ ረድፍ ላይ፣ ሌላው ዓምድ ላይ፣ መሃል ላይ የመለያ ቁጥሩ ካውንትዲ (ሳይደጋገም የሚቆጥር)። ነል (ባዶ) የሚመጣውን በኢፍነል «አዲስ» ወይም «የለቀቀ» በሉት።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ በሁለቱም ወር ያልነበረ ደንበኛ (በመሃል መጥቶ የሄደ ለምሳሌ) ከ«አዲስ» ወደ «የለቀቀ» የሚል ትርጉም የለሽ ሴል ውስጥ ይገባል፤ በፊልተር አስወጡት። ሁለተኛው የፊልተር ቅደም ተከተል ነው። ፊክስድ የሚሰላው ከተራ የዳይሜንሽን ፊልተር በፊት፣ ከኮንቴክስት ፊልተር (ከተራዎቹ ቀድሞ የሚሠራ ፊልተር) በኋላ ነው። ስለዚህ ወሩ ላይ ኮንቴክስት ፊልተር ካስቀመጣችሁ የሌላኛው ወር ዳታ ስሌቱ ከመድረሱ በፊት ይጠፋል፣ ደንበኛው ሁሉ በአንድ ሌሊት «አዲስ» ወይም «የለቀቀ» ይሆናል። ወሩን በፓራሜትር ብቻ ምረጡ፣ ሌላ ፊልተር አታድርጉበት።

ኤስኪውኤል ላይ ላግ ብጠቀም አይቀልም?

ይቀላል፣ ያሳስታልም። ላግ የተባለው የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ተግባር የሚያመጣላችሁ ያለፈውን ረድፍ እንጂ ያለፈውን ወር አይደለም። ደንበኛው በየካቲት ዳታ ውስጥ ከሌለ የመጋቢት ረድፉ ጎን የጥር ምድቡ ይመጣል፤ የሁለት ወር ጉዞ የአንድ ወር መስሎ ይቆጠራል፣ ጠፍቶ መመለሱም አይታይም። በተጨማሪ ላግ የለቀቀን ሰው ማየት አይችልም፤ ከለቀቀ በኋላ ላግ የሚንጠለጠልበት ረድፍ የለማ።

ሠንጠረዡን ከራሱ ጋር በመለያ ቁጥርና በ«ወር ሲደመር አንድ» ጆይን ማድረግ የበለጠ ያስተማምናል። አሁንም ፉል አውተር ጆይን ነው የሚሻለው። ማይኤስኪውኤል ፉል አውተር ጆይን ስለሌለው እዚያ ሁለት ሌፍት ጆይን በዩኒየን ትሰፋላችሁ። ለማንኛውም ወር በወር ሲሠራ፣ ዳታው ያለበትን የመጨረሻ ወር እንደ መነሻ አትውሰዱት። ቀጣዩ ወር ገና ስላልመጣ ሁሉም ሰው የለቀቀ ይመስላል።

«አዲስ» እና «የለቀቀ» የሚሉትን ማስገባት ግዴታ ነው?

ሕግ የለም፣ እኔ ግን ሳያስገቡ የሚሠራ ሪፖርት አላምንም። ከላይ ባለው ምሳሌ ሁለቱን ብታወጧቸው ዝቅተኛው ምድብ ላይ 375 ቆዩ፣ 65 ከፍ አሉ የሚል ጥሩ ዜና ብቻ ይቀራል። ከ500ው 60ው መሄዳቸው፣ በቦታቸውም 65 አዲስ ሰው መተካቱ አይታይም።

ለማጣሪያም ይጠቅማሉ። የመነሻው ድምር 1,000 ነው፤ የለቀቁት 86 ሲቀነሱ፣ አዲሶቹ 100 ሲጨመሩ 1,014። የሦስቱ የመድረሻ ምድቦች ድምርም 210፣ 310 እና 494፣ ማለትም 1,014። እነዚህ ሁለት መንገዶች ካልተገናኙ ሪፖርቱን ለማንም አትላኩ።

ፐርሰንቱን በረድፍ ላውጣ ወይስ በዓምድ?

በምትጠይቁት ይወሰናል። በረድፍ ሲወጣ «እነዚህ የት ሄዱ?» ለሚለው ይመልሳል። ከፍተኛ ከነበሩት 75 በመቶው እዚያው ናቸው፣ 15 በመቶው መካከለኛ፣ 6 በመቶው ዝቅተኛ፣ 4 በመቶው ሄደዋል። በዓምድ ሲወጣ ደግሞ «አሁን ያሉት ከየት መጡ?» ነው። አሁን ካሉት 210 ከፍተኛ ደንበኞች 71.4 በመቶው ድሮም እዚያው ነበሩ፣ 21.4 በመቶው ከመካከለኛ የመጡ ናቸው። ሁለቱም ትክክል፣ ሁለቱም የተለያዩ።

ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው የረድፉ ነው። ከጠቅላላ ድምር የሚወጣው ፐርሰንት ግን ለምንም አይሆንም ማለት ይቻላል፤ ትልቁ ምድብ ሁሉን ይውጠዋል። ርዕሱ ላይ «ከመነሻ ምድቡ በመቶ» ብላችሁ ጻፉ፣ አንባቢው እንዳይገምት። የረድፉ ብዛት ትንሽ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን አብራችሁ አሳዩ። ከ4 ሰው 3ቱ 75 በመቶ ነው፣ ከ200 ሰው 150ውም 75 በመቶ ነው።

ምድቦቹ በፊደል ተራ እየተደረደሩ ያስቸግሩኛል።

የምድብ ሠንጠረዡ ላይ የቁጥር ዓምድ ጨምሩ፤ ከፍተኛ 1፣ መካከለኛ 2፣ ዝቅተኛ 3፣ አዲስና የለቀቀ 9። ፓወር ቢአይ ላይ «ሶርት ባይ ኮለም» የሚለው ይህን ይሠራል፤ ታብሎ ላይ በእጅ መጎተትም ይቻላል። በረድፍና በዓምድ ተራው አንድ ዓይነት ካልሆነ ሰያፉ ይበተናል፣ ሠንጠረዡም አይነበብም።

የድምሩ ቁጥር ሴሎቹን በእጅ ስደምር ከማገኘው ያንሳል። ለምን?

አንድ ደንበኛ በአንድ ወር ሁለት ምድብ ይዟል ማለት ነው። ሴሎቹ ውስጥ ሁለት ቦታ ይቆጠራል፤ ድምሩ ግን ሴሎቹን አይደምርም፣ ያለ ምድብ ፊልተር እንደ አዲስ ስለሚቆጥር ሰውየውን አንዴ ብቻ ያገኘዋል። ስለዚህ ድምሩ አልተሳሳተም፣ ዳታው ነው የተሳሳተው። ወሩ ውስጥ ምድቡ ተቀይሮ ሁለቱም ተመዝግቦ ይሆናል፣ ወይም አንድ ደንበኛ ሁለት አካውንት ኖሮት ይሆናል።

መፍትሔው ደንብ ማውጣት ነው። «በወሩ የመጨረሻ ቀን የነበረው ምድብ ይያዛል» የሚለው ቀላሉ ነው። አደጋን የሚከታተሉ ሰዎች ግን የከፋውን ምድብ መያዝ ይመርጣሉ። የትኛውንም ምረጡ፣ ብቻ ዳታው ሲዘጋጅ ይለቅ። ሜዠር ውስጥ ማክስ ብሎ መሸፈን አደገኛ ነው፤ ማክስ ጽሑፍ ላይ የሚመርጠው በፊደል ተራ እንጂ በደረጃ አይደለም።

በሰው ብዛት ልቁጠር ወይስ በገንዘብ?

ሁለቱንም ማሳየት ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ከላይኛው ምድብ የወረዱት 12 ሰዎች ትልልቆቹ ከሆኑ የሰው ብዛቱ ምንም አይነግራችሁም። ችግሩ የትኛው ገንዘብ የሚለው ነው። የመድረሻውን ከወሰዳችሁ የለቀቁት ዜሮ ይሆናሉ፣ የሄደው ገንዘብ አይታይም። የመነሻውን ውሰዱና «በመነሻው ይህን ያህል የነበራቸው የት ደረሱ» ብላችሁ አንብቡት። አዲሶቹ የመነሻ ገንዘብ ስለሌላቸው በመድረሻው ገንዘብ ለብቻቸው ይቀመጡ፤ ከሌላው ጋር አትደምሯቸው።

የምድቡ መስፈርት በመሃል ተቀይሯል። ምን ይሻላል?

ለምሳሌ ከፍተኛ ለመባል 10,000 ይበቃ የነበረው 12,000 ሆነ እንበል። በሠንጠረዡ ላይ ብዙ ሰው ድንገት የወረደ ይመስላል፣ ሰዎቹ ግን አንድም ነገር አልቀየሩም። ምድቡ የሚሰላ ከሆነ ሁለቱንም ወር በአንድ መስፈርት እንደገና አስሉ። ካልሆነ ግን የተቀየረበትን ወር አቋርጦ የሚያልፍ ሠንጠረዥ ባትሠሩ ይሻላል፤ ከለውጡ በፊት አንድ፣ ከለውጡ በኋላ አንድ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። መስፈርቱ ባይቀየርም ድንበር ላይ የሚኖሩ ደንበኞች አሉ። አንዱ ወር 9,950፣ ቀጣዩ 10,050፣ ከዚያ እንደገና 9,900። ሠንጠረዡ ላይ ወጡ ወረዱ ይባላል፣ እውነታው ግን ባሉበት ናቸው። ሽግግሩ ትልቅ ከመሰላችሁ ከሚንቀሳቀሱት ውስጥ ስንቱ ከድንበሩ በ5 በመቶ ርቀት ውስጥ እንደሆነ ቁጠሩ። አንዳንዴ ግማሹ ወሬ እዚያ ጋ ያልቃል።

ሠንጠረዥ ላሳይ ወይስ ሳንኪ ዲያግራም?

ሳንኪ (ፍሰቱን ውፍረታቸው በሚለያይ መስመሮች የሚያሳይ ቻርት) ያምራል፣ ስብሰባ ላይም ሰው ይወደዋል። ምድቦቹ ከአራት አምስት ካለፉ ግን መስመሮቹ ተጠላልፈው ማንም ምንም አያነብም። ሠንጠረዡን ከቀለም ጋር እመርጣለሁ። ፓወር ቢአይ ላይ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ (እንደ ቁጥሩ መጠን ቀለም መቀባት) በረድፍ ፐርሰንቱ ላይ አድርጉ። ሰያፉን ግን ግራጫ አድርጉት ወይም ከቀለሙ አውጡት፤ ሰያፉ አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ስለሆነ ቀለሙን ሁሉ ይጠቀልለውና ዋናው ወሬ ያለባቸው ትንንሾቹ ሴሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ፈዛዛ ይሆናሉ። ከሰያፉ በላይ ያለውን በአንድ ቀለም፣ በታች ያለውን በሌላ ማድረግም ጥሩ ነው።

የ12 ወር ሠንጠረዦችን ብደምር ዓመታዊውን አገኛለሁ?

አታገኙም። በግንቦት ወርዶ በነሐሴ የተመለሰ ደንበኛ በወር በወሩ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሷል፣ በዓመታዊው ግን ሰያፉ ላይ ነው። ወርሃዊዎቹ ሲደመሩ የእንቅስቃሴ ብዛት ይሰጣሉ፣ ዓመታዊው ደግሞ መጀመሪያና መጨረሻውን ብቻ ያያል። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ማንኛውን እንደምታሳዩ ርዕሱ ላይ ይጻፍ። በተለይ ሁለት ክፍሎች የተለያየ ቁጥር ይዘው ሲጨቃጨቁ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

ሠንጠረዡን ለትንበያ መጠቀም እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ በጥንቃቄ። የረድፍ ፐርሰንቶቹን አሁን ባለው ብዛት ላይ ማባዛት ነው። ለከፍተኛ ምድብ፦ የ210ው 75 በመቶ 157.5፣ የ310ው 15 በመቶ 46.5፣ የ494ቱ 1 በመቶ 4.9፤ ድምሩ ወደ 209 ይጠጋል። አዲሶቹ እንደገና 10 ይሆናሉ ካልን 219። ለአንድ ዙር ይህ ጥሩ ግምት ነው።

ሠንጠረዡን በራሱ ላይ ደጋግሞ ማባዛት ሲጀመር ግን አንድ ትልቅ ግምት እየወሰዳችሁ ነው፤ የደንበኛው ቀጣይ እርምጃ አሁን ባለበት ምድብ ብቻ ይወሰናል፣ ከየት እንደመጣ ለውጥ አያመጣም የሚለውን። ይህን ዓይነት ሰንሰለት ያጠናው የሩሲያው የሒሳብ ሊቅ አንድሬ ማርኮቭ ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. ከአንድ የሩሲያ ግጥም 20,000 ፊደላት ቆጥሮ፣ ከአናባቢ ቀጥሎ አናባቢ የሚመጣው በ12.8 በመቶ፣ ከተነባቢ ቀጥሎ አናባቢ የሚመጣው ደግሞ በ66.3 በመቶ መሆኑን አሳየ። ሁለት በሁለት የሆነ የሽግግር ሠንጠረዥ ማለት ነው፣ በእጅ የተቆጠረ።

ደንበኛ ግን ፊደል አይደለም። ትናንት ከከፍተኛ ወርዶ መካከለኛ የገባ ሰው እና ለዓመታት መካከለኛ ሆኖ የኖረ ሰው አንድ ረድፍ ላይ ቢቀመጡም ባሕርያቸው ሊለያይ ይችላል። መፈተሽ ቀላል ነው። የመካከለኛውን ረድፍ ለሁለት ክፈሉት፤ ከዚያ በፊት በነበረው ወቅት ከፍተኛ የነበሩ እና ያኔም መካከለኛ የነበሩ። የመውረድ ፐርሰንታቸው ከተቀራረበ ማባዛታችሁን ቀጥሉ። ከተራራቀ ከአንድ ዙር በላይ አትተንብዩ፣ ወይም «በቅርቡ የወረደ» የሚል አራተኛ ምድብ ፍጠሩና ሠንጠረዡን እንደገና ሥሩት።